«ከነጉድለቱ» የምትለው መስመር

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን የነገረኝ ሙሌ ደላላው ነው። ከሰው ሁሉ እሱ! ስልኩን ሳነሳ ድምፁን አለስልሶ «እትዬ አስካለ እኮ አረፉ፣ ነፍስ ይማር። እንዴት ያሉ ደግ ሴት ነበሩ!» አይለኝም? ደሜ ፈላ። እትዬ አስካለ ደግ አልነበሩም። ቁጡ ነበሩ፤ ሲስቁ እንኳን የተቆጡ ይመስሉ ነበር። ሰው ሲሞት ሁሉንም ደግ ማለት ልማዳችን ሆኖ እንጂ፣ ይኸው ሙሌ ራሱ በቁማቸው «ይቺ ነገረኛ አሮጊት» ሲላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «አንተ ውሸታም!» ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለቅሶዬም ቢሆን ንዴት የበዛበት ነበር።

እትዬ አስካለ ውልና ማመልከቻ በመጻፍ ነው የኖሩት። ከፒያሳ ወደ ቸርችል ጎዳና መውረጃው ላይ፣ በሰዓት ጠጋኝና በፎቶ ቤት መካከል የተሰነቀረች ክፍል ነበረቻቸው፤ ሰፈሩ ሲፈርስ እሷም አብራ ፈርሳለች። በወጣትነታቸው በታይፕ ጀምረው በኋላ ኮምፒውተር ገዙ፤ ግን የኮምፒውተሩንም ቁልፍ እንደ ታይፕ ነበር የሚደበድቡት። ፊደሎቹ ከላዩ ላይ ተፍቀው አልቀዋል፤ እሳቸው እንደሆነ ማየት አያስፈልጋቸውም። ግድግዳው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ያላነበበ አይፈርምም» የሚል ወረቀት ለጥፈዋል። ለጌጥ የተለጠፈ እንዳይመስላችሁ። ደንበኛው እስክሪብቶ አንስቶ በቀጥታ ወደ ፊርማው ቦታ ከወረደ «ቁም!» ይሉታል። «ሁለተኛው አንቀጽ ምን ይላል?» ካላወቀ ወረቀቱን ከእጁ ነጥቀው «ያላነበበ ውጪ!»

አንድ ቀን ቤታቸውን የሚሸጡ ሽማግሌ «ልጄ፣ መነጽሬን ረስቼ መጥቻለሁ፣ ዝም ብዬ ልፈርም» ቢሏቸው የራሳቸውን መነጽር አውልቀው አፍንጫቸው ላይ ሰኩላቸው። «ይኸው፣ አሁን ያንብቡ!» ሽማግሌው እየተንተባተቡ ሲያነቡ፣ ልጃቸው ግቢውን በሙሉ ሊያሸጣቸው እንደነበር ተገለጠ፤ እሳቸው የሚሸጡት የመሰላቸው የኋላ ቤቷን ብቻ ነው። ልጅየው ተሳደበ፣ እትዬ አስካለም ሙልጭ አድርገው ሰደቡት። የስድቡን ዝርዝር አልጽፈውም፣ ልጆች ያነቡት ይሆናል። ሽማግሌው ሊመርቋቸው እጃቸውን ቢያነሱ «ምርቃቱ ይቆየኝ፣ መነጽሬን ይመልሱ» አሏቸው። እንዲህ ነበሩ።

ጠበቆች እንኳን ይፈሯቸው ነበር። አንዱ ባለ ከረባት ውሉ መጨረሻ ላይ «ወዘተ» የሚል እንዲጨምሩለት ቢጠይቃቸው እጃቸውን ከቁልፉ ላይ አነሱ። «ወዘተ ማለት ያልተያዘ ሌባ ነው። የምትፈልገውን በስሙ ጥራው» አሉት። «እትዬ፣ ለምን ሁልጊዜ ይቆጣሉ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው ደግሞ ነበር። «የማይቆጣ ሰው ወይ አልገባውም፣ ወይ ተከፍሎታል» ብለውት ሥራቸውን ቀጠሉ።

ታዲያ እንደዚህ ያሉ ሴት ቤት ተቀምጬ እንዴት ተጭበረበርኩ? እሱን ነው የምነግራችሁ።

ከማተሚያ ቤት ሥራዬ በተቀነስኩ ጊዜ፣ ያለኝን ሁሉ አሟጥጬ መኪና ልግዛና በስልክ እየተጠራሁ ሰው ላመላልስ አልኩ። መኪናዋ ከቆመች ቤቴ ይቆማል፤ ነገሩ ይኸው ነበር። ሙሌ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ያገለገሉ መኪናዎች የሚሸጥ ፍስሐ የሚባል ሰው ዘንድ ወሰደኝ። አቶ ፍስሐ አልለውም፤ አቶ ለሰው ነው። አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ ሲባል የምሰማው ተረት ይመስለኝ ነበር፣ እሱን እስካገኘው። «ወንድሜ፣ እኔ እዚህ የተቀመጥኩት መኪና ልሸጥ አይደለም፣ ዘመድ ላፈራ ነው» አለኝ። መካኒክ ይዤ ልምጣ ብለው «ምን በወጣህ! ለሞተሩና ለካምቢዮው የሦስት ወር ዋስትና በጽሑፍ እሰጥሃለሁ» አለ። በጽሑፍ ሲል ልቤ አረፈ፤ ማተሚያ ቤት ያደገ ሰው ጽሑፍ ያምናል።

ውሉን ልናስጽፍ ዳገቱን ወጣን። የበዓል ዋዜማ ስለነበር እትዬ አስካለ ቤት ሰው እስከ ውጭ ተሰልፏል። ሙሌ «ውልና ማስረጃ ሊዘጋብን ነው» እያለ ይቁነጠነጣል። የፍስሐ ውል ደግሞ ኮምፒውተራቸው ውስጥ ተሰናድቶ የተቀመጠ ነው፤ ስም፣ የሰሌዳ ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ቀይሮ ማተም ብቻ። ሁለት ወረቀት ወጣ፤ አንዱ ውሉ፣ አንዱ የዋስትናው ወረቀት። ላነብ ጎንበስ ስል ፍስሐ ትከሻዬን ያዘና ሰው ሁሉ እየሰማ «ወንድሜ፣ እኔን አታምነኝም እንዴ?» አለኝ። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሳላችሁ? ሰው ፊት «አዎ፣ አላምንህም» የሚል ሐበሻ አለ? ይሉኝታ አንቆ ያዘኝ። «ኧረ እንዴት ተደርጎ!» ብዬ ፈረምኩ። ቀና ስል እትዬ አስካለ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። «ቁም!» ሊሉኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ፍስሐን አዩት፣ ሰልፉን አዩት፣ አፋቸውን ዘጉና «ቀጣይ!» አሉ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሁለት ሴቶች ከኋላ አሳፍሬ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ስወጣ መኪናዋ አጉረመረመች፤ ቀጥሎ ከሥሯ አንድ ነገር ሲሰበር ተሰማኝ። ማርሽ ባስገባ አይገባም። ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ሴቶቹ ይጮኻሉ፣ እኔ ፍሬኑን ረግጬ «በስመአብ!» እላለሁ። የመንገድ ሰው ነው ገፍቶ ዳር ያስያዘኝ። ለፍስሐ ደወልኩ፤ አያነሳም። ሦስት ቀን ደወልኩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በአራተኛው ቀን አስጎትቼ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት።

መካኒኩ የካምቢዮውን ዘይት ሳፋ ላይ አፈሰሰው፤ በጣቱ አሸት አሸት አድርጎ ሳቀ። «ጋሼ፣ መኪናዎ ቁርሷ ቂንጬ ነው እንዴ?» ዘይቱ ውስጥ ሰጋቱራ ነበር፤ የአናጢ ቤት ሰጋቱራ! ማርሹ ተበልቶ ሲጮህ፣ ሻጮች ዘይቱ ውስጥ ሰጋቱራ እንደሚጨምሩበት ነገረኝ፤ ጥቂት ጊዜ ጩኸቱን ያፍነዋል፣ ከዚያ ካምቢዮው እንዳለ ይሰባበራል። መለወጥ አለበት አለኝ። ሰጋቱራውን በጨርቅ አጥልሎ በፌስታል ቋጥሮ ሰጠኝ።

ፌስታሉን ይዤ ፍስሐ ቢሮ ገባሁ። ሻይ አዘዘልኝ! እኔ እሳት ለብሼ ቆሜያለሁ፣ እሱ ስኳር ስንት ይሁንልህ ይለኛል። «ወንድሜ፣ ማዘኑንስ አዝኛለሁ፤ ግን ውሉን እይ» ብሎ በጣቱ አሳየኝ። እንዲህ ይላል፦ «መኪናውን መርምሬ፣ ወድጄና ፈቅጄ፣ ከነጉድለቱ ተረክቤያለሁ።»

«ዋስትናውስ?» አልኩት።

«ዋስትናው አለ። ግን ሌላ ጋራዥ ካስከፈትከው ይፈርሳል፤ ደንባችን ነው። ደግሞስ ሰጋቱራውን መካኒክህ ጨምሮት ቢሆን በምን አውቃለሁ?»

ሻዩን ሳልነካው ወጣሁ። በቀጥታ ዳገቱን ወጥቼ እትዬ አስካለ ዘንድ ገባሁ። ክስ ላስጽፍ አልነበረም፤ ልጣላ ነበር። ውሉን ዘርግቼ «ከነጉድለቱ» የምትለዋን መስመር በጣቴ እየጠቆምኩ «እርስዎ ነዎት የገደሉኝ!» አልኳቸው ሰው ፊት።

«እኔ ነኝ የፈረምኩልህ?» ብለው እሳት ጎረሱ። «ዓይን የለህም? እጅህን የያዘህ ማነው?»

«ያላነበበ ውጪ ይሉ የለም? እኔን ለምን አላስወጡኝም?»

እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ይወለውሉ ጀመር። «አንብባት» አሉኝ። ያቺን መስመር ጮክ ብዬ አነበብኩ። «ድገማት።» ደገምኳት።

«ይህቺን መስመር ሥራ ካስተማሩኝ ሰውዬ ነው የቀዳኋት» አሉ። «እሳቸውም ከሌላ ነው የቀዷት። ድሮ የበቅሎ ሽያጭ ሲጻፍ የምትገባ መስመር ነበረች። በቅሎ ስትገዛ ከንፈሯን ገልጠህ ጥርሷን ታያለህ፣ እግሯን ታነሳለህ፣ ጋልበህ ትሞክራታለህ። ከዚያ በኋላ ከነጉድለቷ ወሰድኳት ብትል ያምርብሃል። የማርሽን ጥርስ ማን ገልጦ ያያል?» ጠረጴዛውን በቡጢ መቱት። «ስንት ዘመን ጻፍኳት! አንድ ቀን አንብቤያት አላውቅም። ሌላውን አንብብ አንብብ እያልኩ ስጮህ እኔ የራሴን አላነበብኩም!»

ፌስታሉን ከእጄ ተቀብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። «ና፣ ውረድ» ብለው በቀትር ቤቱን ቆለፉ። በር ላይ የቆሙት ደንበኞች «እትዬ፣ እኛስ?» ቢሉ «ነገ ኑ!» አሏቸው። ፍስሐ ያለኝንና ያደረገኝን ሁሉ ከኋላቸው እየሮጥኩ ነገርኳቸው። ቁልቁለቱን ሲወርዱ አልደርስባቸውም ነበር፤ ስልሳ ያለፋቸው ሴት ናቸው እኮ።

ፍስሐ ሲያያቸው ብድግ አለ። «እትዬ፣ ምነው በሰላም?»

«የዋስትናውን ወረቀት አምጣ።» አመጣ። «ሌላ ጋራዥ ካስከፈተው ይፈርሳል የሚለው የቱ ጋ ነው? ይህን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር አልጻፍኩም።»

«ደንባችን ነው እንጂ...»

«ደንብህን ሆድህ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው? ሦስት ቀን ሲደውልልህስ ለምን አላነሳህም?»

የፍስሐ ፊት ተለወጠ። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እርስዎ የእኔ ጸሐፊ ነዎት ወይስ የእሱ?»

«የወረቀቱ ነኝ» አሉት።

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ወረቀቱ ያብላዎት። ፒያሳ ጸሐፊ ሞልቷል።»

እኔ ደነገጥኩ። በሳምንት ሁለት ሦስት ውል የሚያመጣላቸው እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። «ካምቢዮውን ሙሉውን ትለውጥለታለህ። አለዚያ ፍርድ ቤት ቆሜ እመሰክርብሃለሁ» ብለውት ወጡ።

ከሳምንት በኋላ ፍስሐ ሽማግሌ ላከ። የእኛ ነገር እንዲህ ነው፤ ሰው ጥፋቱ ሲታወቅበት ሽማግሌ ይልካል፣ ሽማግሌ ከመጣ ደግሞ እምቢ ማለት ነውር ነው። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ነበሩ፤ ዋናው የሰፈራችን የእድር ዳኛ ጋሽ ወርቁ ናቸው። ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ አስቀመጡን። ማኪያቶ ቀረበ። ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ሁለታችሁም ልጆቻችን ናችሁ። ፍርድ ቤት መመላለስ ለማን ይጠቅማል? የካምቢዮውን ግማሽ ፍስሐ ይቻል፣ ግማሹን አንተ ቻል፣ ተሳሳሙና ይብቃ» አሉ። እውነቱን ልናገር፤ ልስማማ ነበር። መኪናዋ ከቆመች ሰንብታለች፣ ቤቴ ተናግቷል። ግማሹን ከየት እንደማመጣው እንኳን ሳላውቅ አፌ «እሺ» ሊል ተከፍቶ ነበር።

እትዬ አስካለ ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ጥግ ተቀምጠው ኖሯል። ተነሥተው መጡና ያንን ፌስታል ከቦርሳቸው አውጥተው ማኪያቶዎቹ መሃል ዘረገፉት።

«ጋሽ ወርቁ፣ ግማሽ በግማሽ ነው ያሉት?»

«አዎ፣ ወይዘሮ አስካለ፣ ለሰላም ብለን ነው።»

«ደግ። እንግዲያው ይንገሩኝ፤ ከዚህ ሰጋቱራ ግማሹን የጨመረው ይህ ልጅ ነው?»

ፍስሐ «እኔ ሰጋቱራ መኖሩን አላውቅም፣ እኔም ስገዛት እንዲሁ ናት» አለ።

«አላውቅም ካልክ ለምን ዋስትና ሰጠህ? ለማታውቀው ነገር ነው ዋስ የምትሆነው?» ድምፃቸው ኬክ ቤቱን አናወጠው፤ አስተናጋጇ ትሪዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «እኔም ጥፋተኛ ነኝ፣ ስሙኝ። ይህ ልጅ ሳያነብ ሲፈርም አይቻለሁ። ቁም ልለው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ለምን ዘጋሁት? ፍስሐ ደንበኛዬ ስለሆነ! እንጀራዬ እንዳይጎድል ብዬ! ሌላ ምክንያት የለኝም። ከዛሬ ጀምሮ ያቺን መስመር ለማንም አልጽፍም። እናንተም ሽማግሌ ከሆናችሁ እውነቱን ሸምግሉ። ለሰላም ብቻ ከሆነ ግን ሰላሙን ከማኪያቶው ጋር ራሳችሁ ጠጡት!»

ጋሽ ወርቁ ሰጋቱራውን በጣታቸው ቆንጠር አድርገው አሸተቱት። ከዚያም «ፍስሐ፣ ለውጥለት። ሙሉውን» አሉ። ፍስሐ አቀርቅሮ «እሺ» አለ። ሽማግሌ ፊት እሺ ያለውን ማፍረስ አልሆነለትም፤ በዐሥረኛው ቀን ካምቢዮው ተለወጠ፣ መኪናዋም ዳገቱን እየዘፈነች ወጣች። እትዬ አስካለን ላመሰግን ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ብል ገፈተሩኝ። «ጉልበቴን ከምትስም ስትፈርም አንብብ!»

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ፍስሐ እንዳለው አደረገ፤ አንድም ውል አልመጣላቸውም። ሌሎቹም መኪና ሻጮች አደሙባቸው፤ ያቺን መስመር የማትጽፍ ጸሐፊ ምን ታደርግላቸዋለች? ሁለት በር ከፍ ብሎ የመስታወት በር ያለው አዲስ ጽሕፈት ቤት ተከፈተ፤ እዚያ የተጠየቀው ሁሉ ይጻፋል፣ አንብብ የሚል የለም። እትዬ አስካለ በራቸው ላይ ዱካ አውጥተው መቀመጥ ጀመሩ። መጀመሪያ ሰሞን ብርቱካን እየያዝኩ እጠይቃቸው ነበር። በኋላ በእኔ የተነሳ ገበያቸው እንደቀዘቀዘ ሳይ ፊታቸውን ማየት ከበደኝና በማዶ ማለፍ ያዝኩ። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ቃል የለውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ መኪናዋን ልሸጥ አልኩ። አንድ ሕመም ነበረባት፤ ረጅም ዳገት ላይ ሞተሯ ይግላል። ራዲያተሯ መጥፎ ነው። ጠዋት በቀዝቃዛው ሜዳ ላይ ከነዷት አይታወቅም፤ እኔም ለገዢዋ ያሳየኋት ጠዋት፣ ሜዳ ላይ ነው። ገዢዋ አራት ኪሎ አካባቢ የምታስተምር ወጣት ሴት ነበረች። ለውሉ እትዬ አስካለ ዘንድ አልወሰድኳትም። ያቺን መስመር አይጽፉልኝማ! የመስታወት በር ወዳለው ይዣት ገባሁ። እትዬ አስካለ ዱካቸው ላይ ነበሩ፤ አየኋቸው፣ አዩኝ፣ አቀርቅሬ አለፍኩ።

ውሉ ታትሞ ወጣ። መርምሬ፣ ወድጄና ፈቅጄ፣ ከነጉድለቱ፣ አንድም ቃል አልጎደለም። ልጅቷ «ጋሼ፣ መቼም እርስዎን አምኜ ነው» ብላ እስክሪብቶውን አነሳች። ይሄኔ በሩ ተበረገደ። እትዬ አስካለ! ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። እኔን ቀና ብለው ሳያዩ ቀጥታ ለልጅቷ «አንቺ ልጅ፣ እዚህች ጋ ያለችውን መስመር ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢያት» አሏት።

ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «እትዬ፣ ምን አገባዎት? ሥራ የለዎትም?» አልኳቸው። ሥራ እንደሌላቸው እያወቅኩ! በእኔ ምክንያት ያጡ መሆናቸውን እያወቅኩ!

ያን ጊዜ አዩኝ። ስድቡን ጠበቅኩት፤ ሙልጭ ቢያደርጉኝ ምንኛ በቀለለኝ። ዞረው ወጡ፣ በሩንም ቀስ ብለው ዘጉት።

ልጅቷ አነበበች። «ጋሼ፣ ጉድለቱ ምንድን ነው?» አለችኝ። ፊቴ እየነደደ ነገርኳት። በሳምንቱ ራዲያተሩን አሠርቼ፣ ያቺ መስመር የሌለችበት ሌላ ውል አስጽፌ አስረከብኳት። ይህንን ግን ሄጄ ለእትዬ አስካለ አልነገርኳቸውም። ነገ እሄዳለሁ እያልኩ፣ እያፈርኩ ስቀር ሰፈሩ ፈረሰ፤ እሳቸውም ከተማ ዳር ቤት ደርሷቸው ሄዱ። አሁን ደግሞ ይኸው፣ ሞቱ።

እትዬ አስካለ የሞቱት ያቺን ልጅ እንዳጭበረበርኳት እያመኑ ነው። እርር ድብን የሚያደርገኝ ይህ ነው። አልተሳሳቱም እኮ። ያንን በር ባይበረግዱት አደርገው ነበር።